ሌዋታን፦ በረቡዕ ዳዊት ውስጥ ያለው አውሬ

እኛ ጎጃም ውስጥ ተንኮለኛ ሰው ሲገጥመን «ይሄ ከይሲ!» እንላለን። እናትም አላስቀምጥ ያላትን ልጇን ትለዋለች። ቃሉ ግን ስድብ ከመሆኑ በፊት ሌላ ኑሮ ነበረው። በግእዝ ከይሲ እባብ ነው፤ ዘንዶም ነው። በመዝሙረ ዳዊት ውስጥ ደግሞ አንድ ቦታ ላይ ከዚያ የከበደ ነገር ተሸክሟል። የዕብራይስጡን መዝሙር ገልጠን እዚያው ቦታ ላይ ብናይ «እባብ» የሚል ቃል አናገኝም። የምናገኘው የአንድ አውሬ ስም ነው፦ ሌዋታን።

እኔ ከዚህ አውሬ ጋር የተዋወቅሁት ስሙን ሳላውቅ ነው። ቢቸና አካባቢ በቄስ ትምህርት ቤት ዳዊት የምማር ልጅ ነበርኩ። ዳዊት በሳምንቱ ቀናት ተከፋፍሎ ነው የሚደገመው። ሰኞ ከ1 እስከ 30፣ ማክሰኞ ከ31 እስከ 60፣ ረቡዕ ከ61 እስከ 80 እያለ ቅዳሜ ያልቃል። ያን ቀን የረቡዕ ዳዊት ላይ ነበርኩ። በስንደዶ ፊደሉን እየነካሁ መዝሙር 73 ቁጥር 14 ላይ ደረስኩ። እግዚአብሔር የከይሲውን ራሶች ቀጠቀጠ ይላል። ቀጥሎ «ወወሀብኮሙ ሲሳዮሙ ለሕዝበ ኢትዮጵያ» ይመጣል። ግእዝ አልሰማም ነበር። ግን ከይሲ ያው ከይሲ ነው። ሲሳይም በአማርኛ ሲሳይ ነው። ኢትዮጵያማ ማን ያጣታል? ስንደዶዬ ባለበት ቆመ።

«የኔታ፣ እኛ ከይሲ እንበላለን እንዴ?» አልኳቸው።

ልጆቹ ሳቁ። የኔታ ግን አልሳቁም። «ንባብህን አጽና ልጄ። ትርጓሜ ቤት ስትገባ ይፈታልሃል» አሉኝ።

ትርጓሜ ቤት አልገባሁም። ዘመናዊው ትምህርት ወሰደኝ። ጥያቄው ግን አብሮኝ አደገ። እንዴት ነው ያ አውሬ ምግብ የሚሆነው? ደግሞስ ኢትዮጵያ ከሱ ጋር ምን አገናኛት? ያገኘሁትን እነሆ።

ከስሙ እንነሳ። የዕብራይስጡ ቃል ሥር መጠምጠምን፣ መጠምዘዝን ይነግረናል። ግእዝም የዕብራይስጥ ዘመድ ነውና «ለወየ» ሲል ጠመዘዘ ማለቱ ነው። ስለዚህ ሌዋታን ማለት «ተጠምጣሚው» እንደማለት ነው። ለጎጃም ሰው ይህን ለማስረዳት ካርታ ማሳየት ይበቃል። አባይ ከሰከላ፣ ከግሽ ይነሳል። ጣና ይገባል። በባሕር ዳር በኩል ይወጣና ወደ ምሥራቅና ወደ ደቡብ ወርዶ፣ ከዚያ ወደ ምዕራብ ይታጠፋል። ጎጃምን ተጠምጥሟት ነው ወደ ሱዳን የሚወርደው። በጥንቱ የምሥራቅ ዓለም ሰዎች ባሕርን እንዲህ ነበር የሚያስቡት። ምድርን የከበበ፣ የሚላወስ፣ የሚያገሳ፣ ነፍስ ያለው ነገር።

በዕብራይስጡ መጽሐፍ ቅዱስ ውስጥ ስሙ የሚገኘው አምስት ቦታ ብቻ ነው። ኢዮብ 3፣ ኢዮብ 41፣ መዝሙር 73፣ መዝሙር 103 እና ኢሳይያስ 27። የመዝሙሮቹ ቁጥር በእኛ ዳዊት ነው፤ በዕብራይስጡ 74 እና 104 ይሆናሉ። ታዲያ በግእዙ ዳዊት ስሙ ለምን ጠፋ? የእኛ ዳዊት በአክሱም ዘመን የተተረጎመው ከግሪኩ ነው። የግሪኩ ተርጓሚዎች በመዝሙሮቹ ውስጥ ስሙን ትተው «ደራጎን» ብለውታል። የእኛዎቹ ደግሞ «ከይሲ» አሉት። ደራጎን የሚለውን ቃል ራሱን እናውቀዋለን፤ በቅዱስ ጊዮርጊስ ፈረስ እግር ሥር በየቤተ ክርስቲያኑ ግድግዳ ላይ ተሥሎ አለ።

አሁን ወደ ሶርያ እንሂድ።

እ.ኤ.አ. በ1928 በሜዲትራንያን ባሕር አጠገብ አንድ ገበሬ ሲያርስ ማረሻው ድንጋይ ነካ። ድንጋዩ የጥንት መቃብር ክዳን ነበር። በቀጣዩ ዓመት የፈረንሳይ አርኪዮሎጂስቶች በክሎድ ሼፈር መሪነት መጡና አጠገቡ ያለውን ራስ ሻምራ የሚባል ጉብታ ቆፈሩ። ከሥሩ አንድ ከተማ ወጣ፦ ኡጋሪት። በ1200 ቅድመ ልደተ ክርስቶስ ገደማ የፈረሰ፣ ሁሉም የረሳው ከተማ ነው። በውስጡ የሸክላ ጽላቶች ነበሩ። የተጻፉት 30 ፊደላት ባሉት ጽሕፈት ነው። ቋንቋው የዕብራይስጥ የቅርብ ዘመድ ስለሆነ ብዙ ሳይቆይ ተነበበ።

ከጽላቶቹ በአንዱ ላይ የሞት አምላክ ለበኣል መልእክት ይልካል። የአምላኩ ስም «ሞት» ነው፤ ልክ እንደኛው ቃል። በኣል ያደረገውን ያነሳበታል። ሊታን የሚባለውን የሚሸሽ እባብ እንደመታ፣ የሚጠማዘዘውን እባብ፣ ሰባት ራስ ያለውን ኃይለኛ እንዳጠፋ ይነግረዋል። ሊታን ማለት ሌዋታን ነው። አሁን ኢሳይያስ 27 ቁጥር 1ን እናስታውስ። እዚያም እግዚአብሔር ሌዋታንን፣ የሚሸሸውን እባብ፣ የሚጠማዘዘውን እባብ በሰይፍ ይቀጣል። «የሚሸሽ» እና «የሚጠማዘዝ» የሚሉት ሁለቱ ቃላት በኡጋሪቱም በዕብራይስጡም ያው ናቸው። በሁለቱ ጽሑፎች መካከል ከ400 ዓመት በላይ አለ።

ይህን መጀመሪያ ሳነብ ትንሽ ደነገጥኩ። ነቢዩ የአሕዛብን ተረት ነው እንዴ የሚናገረው? ብዙ ሰው እዚህ ጋ ሲደርስ ወይ መጽሐፍ ቅዱስን ይጠራጠራል፣ ወይ አርኪዮሎጂውን ይዘጋዋል። እኔ ሁለቱም አያስፈልግም ባይ ነኝ። የጎጃም ሰው ለዚህ የሚሆን መሣሪያ በእጁ አለ። የቅኔ አገር ነው። ዋሸራንና ጎንጅን ያፈራ ሕዝብ ሰምና ወርቅ ምን እንደሆነ አይጠፋውም። ባለቅኔው ሰሙን ከየትም ያመጣል። ከንብ፣ ከጦርነት፣ ከጎረቤት ወሬ ያመጣዋል። ሰሚው የሚያውቀው ነገር መሆን አለበት እንጂ የባለቅኔው የራሱ ንብረት መሆን የለበትም። የዘንዶው ታሪክ የከነዓን ምድር ሰዎች ሁሉ ከልጅነታቸው የሚያውቁት ሰም ነው። ወርቁ ሌላ ነው፦ ባሕሩን ያሸነፈው በኣል አይደለም፣ የእስራኤል አምላክ ነው።

ይህ ወርቅ የሚከብደው መዝሙር 73ን ከመጀመሪያው ያነበብን እንደሆነ ነው። እኔ በልጅነቴ ቁጥር 14 ላይ ስለተጣበቅኩ ይህን አላየሁም። መዝሙሩ ልቅሶ ነው። ጠላት መቅደሱ ገብቷል። በሩን በመጥረቢያ ሰባብሯል። ቤቱን በእሳት አቃጥሏል። ነቢይ እንኳ የለም፣ እስከ መቼ እንደሆነ የሚያውቅ ሰው የለም ይላል። ብዙ ሊቃውንት ከልደተ ክርስቶስ በፊት በ586 ባቢሎን ኢየሩሳሌምን ባፈረሰችበት ጊዜ የተለቀሰ ነው ይላሉ። በዚህ ልቅሶ መሀል ነው ድንገት የዘንዶው ነገር የሚመጣው። አንተ እኮ ባሕርን የከፈልክ ነህ፣ አንተ እኮ የአውሬውን ራሶች የቀጠቀጥክ ነህ፣ አሁን ለምን ዝም አልክ? ማስፈራሪያ አይደለም። የተበደለ ሰው አቤቱታ ነው። ደብሩ ተቃጥሎበት የሚያውቅ አገር ይህን መዝሙር ያለ አስተርጓሚ ይሰማዋል።

ባቢሎኖችም የራሳቸው ታሪክ ነበራቸው። ማርዱክ የሚባለው አምላካቸው ቲያማት የምትባለውን ባሕር ተዋግቶ ለሁለት ሰንጥቆ ሰማይና ምድርን ሠራባት ይላሉ። ዘፍጥረት ምዕራፍ 1ን ከዚህ አጠገብ አስቀምጦ ማንበብ ትልቅ ነገር ያሳያል። እዚያ ውጊያ የለም። ቀላይ ዝም ብሎ ተኝቷል። በአምስተኛው ቀን እግዚአብሔር «ታላላቅ አንበሪዎችን» ይፈጥራል፤ በቃ። አምላክ የሆነው አውሬ ፍጡር ሆኖ ቁጭ አለ። አምስተኛው ቀን ደግሞ ሐሙስ ነው። የሐሙስ ዳዊት ከ81 እስከ 110 ስለሆነ መዝሙር 103 በዚያ ቀን ይደገማል። በዕብራይስጡ ሌዋታን ቁጥር 26 ላይ መርከቦች በሚመላለሱበት ባሕር ውስጥ እንዲጫወት የተፈጠረ ሆኖ ይታያል። ረቡዕ ራሱ የተቀጠቀጠው ሐሙስ ይጫወታል።

ኢዮብ ላይ ያለው ግን ከሁሉም ይለያል። እዚያ ምዕራፍ 41 በሙሉ የሱ ነው። በመንጠቆ ታወጣዋለህን? አፍንጫው ላይ ገመድ ታስርበታለህን? ነጋዴዎች ይከፋፈሉታልን? ቅርፊቶቹ ንፋስ እስከማያሳልፉ ተጣብቀዋል። ዓይኖቹ እንደ ንጋት ሽፋሽፍት ናቸው። ከአፍንጫው እንደሚፈላ ድስት ጢስ ይወጣል። ከሱ በፊት ምዕራፍ 40 ላይ ደግሞ ብሔሞት አለ። ሣር ይበላል፣ በሸንበቆና በረግረግ ጥላ ይተኛል፣ ወንዝ ቢሞላበት አይደነግጥም። ሳሙኤል ቦሻር የሚባል ፈረንሳዊ ሊቅ እ.ኤ.አ. በ1663 ባሳተመው ሥራው ብሔሞት ጉማሬ፣ ሌዋታን አዞ ነው ብሎ ተከራከረ። እስከዛሬ ብዙዎች ይከተሉታል።

ለኛ ይህ የሩቅ ወሬ አይደለም። አንድ ጠዋት ከባሕር ዳር ወጣ ብዬ በደንገል ታንኳ ጣና ላይ ነበርኩ። ቀዛፊው ድንገት መቅዘፊያውን ከውኃ አወጣና እጁን አነሳ። «ዝም በል። እናት ናት፣ ልጅ ይዛለች» አለኝ በሹክሹክታ። ምንም አልታየኝም ነበር። ከዚያ ከደንገሉ ጥግ ሁለት ትናንሽ ጆሮዎች ተርገበገቡ። ፉፉ የሚል ትንፋሽ ተሰማ፣ ውኃው እንደ እንፋሎት ተረጨ። ሌላው አካሏ አልታየም። ግን ከሥራችን ያለው ውኃ ሁሉ የሷ መሆኑ ተሰማኝ። ታንኳው እንደ ቅጠል ቀለለብኝ። ቀዛፊው እስክትጠልቅ ጠበቀና በሌላ በኩል ዞረ። «በሸንበቆ ጥላ ይተኛል» የሚለውን ያን ቀን ነው የገባኝ።

አዞ ጣና ውስጥ የለም። እሱን የሚፈልግ ከጢስ እሳት በታች፣ ወደ አባይ በረሃ መውረድ አለበት። ስለዚህ ጎጃም ብሔሞትን ከላይ፣ ሌዋታንን ከታች ይዛለች ማለት ይቻላል፤ የቦሻርን ትርጉም ከተቀበልን። እኔ በከፊል ነው የምቀበለው። ቅርፊቱ፣ ጥርሱ፣ ጭቃ ላይ የሚተወው ፋና የአዞ ነው። ግን አዞ ከአፉ እሳት አይተፋም። ባሕርንም እንደ ድስት አያፈላም። ግጥሙ ከአዞ ተነስቶ ወደ ጥንቱ ዘንዶ የሄደ ይመስለኛል። እግዚአብሔር ለኢዮብ የሚያሳየው አንድ የወንዝ እንስሳ ብቻ ቢሆን ኖሮ ጠንካራ አዳኝ ይበቃው ነበር።

አሁን በጣም የምወደው ክፍል ጋ ደርሰናል። መጽሐፈ ሄኖክ ምዕራፍ 60 ስለ ሁለቱም አውሬዎች ይናገራል። በአንድ ቀን ተለያዩ ይላል። ሴቲቱ ሌዋታን በውኃ ምንጮች ላይ፣ በባሕር ጥልቅ ውስጥ እንድትኖር ተደረገች። ወንዱ ብሔሞት ደግሞ ከገነት በስተምሥራቅ ያለውን በረሃ በደረቱ ያዘ። እዚህ ሌዋታን ሴት ናት፤ ሁለቱ ጥንድ ናቸው። ይህን ክፍል ዓለም ያገኘው ከየት ይመስላችኋል? ከግእዝ ነው። መጽሐፈ ሄኖክ ሙሉውን የተረፈው በግእዝ ብቻ ነው። ከ1947 በኋላ በሙት ባሕር አጠገብ በቁምራን ዋሻዎች የሄኖክ ቁርጥራጮች በአራማይስጥ ተገኝተዋል። ነገር ግን ከምዕራፍ 37 እስከ 71 ያለው፣ ማለትም ሌዋታን ያለችበት ክፍል፣ ከነሱ ውስጥ የለም። ይህን ክፍል የያዘው የኛ ብራና ነው።

ወደ አውሮፓ የወሰደውም ጎጃምን የረገጠ ሰው ነው። ስኮትላንዳዊው ጄምስ ብሩስ እ.ኤ.አ. በኖቬምበር 1770 ግሽ ደርሶ የአባይን ምንጭ አይቷል። ከኢትዮጵያ ሲመለስ የሄኖክን ሦስት ቅጂ ይዞ ሄደ። እ.ኤ.አ. በ1821 ሪቻርድ ሎረንስ ወደ እንግሊዝኛ ተረጎመው። እስከዚያ ድረስ የአውሮፓ ሊቃውንት መጽሐፉ የጠፋ ነበር የሚመስላቸው። በኛ ገዳማት ግን እየተገለበጠ፣ እየተነበበ ነበር። ይህን ሳስብ ብራናውን በመቃ ብዕር ሲጽፉ የኖሩት፣ ስማቸውን እንኳ ያላወቅናቸው ጸሐፍት ይታሰቡኛል።

እንግዲህ ወደ የኔታ ጥያቄዬ ልመለስ። አውሬው እንዴት ምግብ ሆነ?

ዕዝራ ሱቱኤል ላይ አንዱ መልስ አለ። እግዚአብሔር ሁለቱን አውሬዎች በአምስተኛው ቀን ጠበቃቸው። ለብሔሞት ሺህ ተራሮች ያሉበትን ደረቅ ምድር፣ ለሌዋታን ውኃማውን ክፍል ሰጠ። ያቆያቸውም እሱ ለሚወዳቸው፣ እሱ በወደደ ጊዜ መብል እንዲሆኑ ነው ይላል። አይሁድም በታልሙድ ውስጥ ይህንኑ አስፍተው ይተርካሉ። ሌዋታን ወንድና ሴት ነበሩ። ቢዋለዱ ዓለምን ስለሚያጠፉ ሴቲቱ ተገድላ ለጻድቃን ግብዣ በጨው ተቀምጣለች። ከቆዳዋም ለጻድቃን ዳስ ይሠራል። በዳስ በዓላቸው መጨረሻ ላይ በዚያ ዳስ ውስጥ ለመቀመጥ የሚጸልዩ አሁንም አሉ። ስለዚህ የልጅነቴ ጥያቄ ሞኝነት አልነበረም። ሰው የሚፈራው ነገር በመጨረሻ ማዕድ ላይ ይቀርባል የሚለው ተስፋ ጥንታዊ ነው።

ኢትዮጵያስ? እዚህ ላይ ግልጽ መሆን አለብኝ። በዕብራይስጡ መዝሙር ላይ «ኢትዮጵያ» የሚል ቃል የለም። ያለው «ጺይም» የሚል ቃል ነው። ሥሩ ደረቅ ምድር፣ ምድረ በዳ ማለት ነው። የበረሃ ሰዎች ወይም የበረሃ አራዊት ተብሎ ሊተረጎም ይችላል። ከልደተ ክርስቶስ በፊት መዝሙሮቹን ወደ ግሪክ የመለሱት አይሁድ ግን «የኢትዮጵያ ሰዎች» አሉት። አንዴ ብቻ አይደለም። «ቅድሜሁ ይሰግዱ ኢትዮጵያ» በሚለው በመዝሙር 71 ቁጥር 9 ላይም በዕብራይስጡ ያለው ይኸው ቃል ነው። የኛ አባቶች ግሪኩን ሲተረጉሙ የራሳቸውን አገር ስም አገኙበት፤ በታማኝነትም አስቀመጡት።

ይህን ስናገር ቅር የሚለው ሰው እንዳለ አውቃለሁ። ቃሉ ተወሰደብን የሚል ስሜት ይመጣል። እኔ እንዲህ አይሰማኝም። ትርጉሙን የሠራነው እኛ አይደለንም፤ ሩቅ አገር ያሉ አይሁድ ናቸው በዘንዶው ማዕድ ላይ የኢትዮጵያን ሰዎች ያስቀመጡት። ቤተ ክርስቲያናችንም ቃሉን ከሺህ ዓመት በላይ ዘምራዋለች፣ ተርጉማዋለች። ከይሲው ዲያብሎስ ነው፣ ሲሳዩ ሥጋ ወደሙ ነው ብለው ሲያስተምሩ ሰምቻለሁ። ሕዝቅኤል 29 ደግሞ ፈርዖንን በወንዙ መካከል የተኛ ዘንዶ ይለዋል። «ወንዙ የኔ ነው፣ እኔ ሠራሁት» የሚል ዘንዶ። እሱም በመጨረሻ ለምድር አራዊትና ለሰማይ ወፎች መብል ይሰጣል። ከይሲው ፈርዖን ነው ለሚል ሰው ጥሩ መሠረት ነው።

የጥምቀት ዕለት ይህ ሁሉ ሜዳ ላይ ይወጣል። ታቦቱ ወንዝ ወርዶ ያድራል። ዲያቆኑ «ባሕርኒ ርእየት ወጐየት፣ ዮርዳኖስኒ ገብአ ድኅሬሁ» ብሎ ይሰብካል። ባሕር አየች፣ ሸሸች። ያ የሚሸሸው፣ የኡጋሪቱም የኢሳይያስም፣ እዚህም አለ፤ አሁን ግን ስም የለውም፣ ውኃ ብቻ ነው። ጌታም የአዳምን የዕዳ ደብዳቤ ሊደመስስ ወደዚያ ውኃ ውስጥ ወረደ ብለን እናምናለን። ከዚያ ውኃው በሕዝቡ ላይ ይረጫል። ልጆች ፊታቸውን ይሰጣሉ።

በዛሬው ዕብራይስጥ ሌዋታን ማለት በቀላሉ ዓሣ ነባሪ ነው። እስራኤል እ.ኤ.አ. በ2010 ባሕር ውስጥ ላገኘችው ትልቅ የጋዝ ማውጫም ይህንኑ ስም ሰጥታዋለች።

የኔታ ካረፉ ቆይተዋል። ቤታችሁ ዳዊት ካለ ረቡዕ ዕለት 73ን ከቁጥር 14 ሳይሆን ከቁጥር 1 ጀምራችሁ አንብቡት። በማግስቱ 103ን። ልጅ አጠገባችሁ ካለና ከይሲ ይበላል ወይ ብሎ ከጠየቃችሁ፣ ንባቡን እንዲያቆም ፍቀዱለት።